ግልጽ ደብዳቤ፦ ሰማዩን የሚያዩ ዓይኖች ይብዙልን

ለኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት
ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎችና የትንበያ ባለሙያዎች፤

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። የምኖረው ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቦሌ ለማረፍ የሚመጡ አውሮፕላኖች ጎማቸውን አውርደው በሰፈራችን በኩል ሲያልፉ ከበረንዳዬ ይታዩኛል። ከስድስት ክረምት ወዲህ አንድ ደብተር ይዣለሁ። በግራው ገጽ የቦሌን ሜታር እገለብጣለሁ። ሜታር ማለት ከየኤርፖርቱ በየሰዓቱ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ የሚወጣው አጭር የአየር ሁኔታ ሪፖርት ነው፤ ኮዱን ለለመደው ሰው ለማንበብ ቀላል ነው። በቀኙ ገጽ እኔ ራሴ ያየሁትን እጽፋለሁ፦ ደመናው ከየት እንደ ተነሳ፣ በስንት ሰዓት እንደ ጠቆረ፣ በረዶ ጣለ አልጣለ።

ለምን ይህን እንደማደርግ ልንገራችሁ። ታናሽ እህቴ በአንድ የባሕረ ሰላጤው አገር አየር መንገድ የበረራ አስተናጋጅ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ምግብ እያደለች ሳለ አውሮፕላኑ በድንገት ተናወጠ። ቀበቶ እሰሩ የሚለው መብራት አልበራም ነበር። ጣሪያ ነክታ ወደቀች። ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ስትደውልልኝ ያለችኝ ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም፦ «ከእኛ በፊት በዚያው መንገድ ያለፈ አውሮፕላን ነበር እኮ። እነሱ ያዩትን ማን ነገረን?»

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው። ትንበያ እንዲሻሻል አዲስ ኮምፒውተርና አዲስ ሞዴል ያስፈልጋል፤ አልክድም። ግን ከዚያ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ሰማዩን የሚያዩ ዓይኖች ይብዙ፤ የታየውም ነገር ተመልሶ ትንበያ ሠሪው ጠረጴዛ ላይ ይድረስ። የምለምናችሁ ይህንኑ ነው።

አንድ ቀን ከደብተሬ ልጥቀስ። ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ። ከየረር በኩል አንድ ደመና ተነሳ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰሚት ላይ በረዶ ወረደ። የጎረቤታችን ሱቅ የቆርቆሮ ጣሪያ ተገነጠለ። በዚያው ሰዓት የወጣው የኤርፖርቱ ሪፖርት ቀላል ነፋስና ጥቂት ዝናብ ይላል። ሪፖርቱ ስህተት አልነበረም። ኤርፖርቱ ላይ የነበረው እውነት ያ ነው። እኛ ጋ የነበረው ግን ሌላ ነው፤ ለማረፍ የሚመጣው አውሮፕላን ደግሞ የሚያልፈው በእኛ በኩል ነው።

አዲስ አበባን የከበቧትን ተራሮች ከእኔ በላይ ታውቋቸዋላችሁ። በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር። ፀሐይ ጠዋት ታሞቃቸዋለች፤ እርጥቡ አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይሆናል። እያንዳንዱ ተራራ የራሱን ደመና ያበስላል ማለት ይቻላል። እናቶቻችን «ቡሄ ካለ የለም ክረምት» ይላሉ። ለገበሬ ጥሩ ምልክት ነው። አብራሪ ግን የሚፈልገው የሚቀጥለውን ግማሽ ሰዓት ነው፤ ያውም የትኛው የማኮብኮቢያ ጫፍ ላይ እንደሆነ ለይቶ።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በፍጥነት መሄድ አለበት። ሞተሩም የሚያገኘው አየር ያንሳል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ኤርፖርት «ትንሽ ያስቸግራል» የሚባል ድንገተኛ ነፋስ እኛ ጋ ሲመጣ ያለው መተንፈሻ ጠባብ ነው።

ተማሪዎቼን እንዲህ አሳያቸዋለሁ። አንድ ባልዲ ውሃ ሲሚንቶ ወለል ላይ ቁልቁል ድፉ። ውሃው ወለሉን ሲመታ በሁሉም አቅጣጫ ይበተናል። ከነጎድጓድ ደመና ሆድ ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ሲወረወር የሚሆነው ይኸው ነው። ማይክሮበርስት ይሉታል። ስፋቱ ከ4 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ዕድሜው የደቂቃዎች ነው። አውሮፕላኑ መጀመሪያ ከፊት የሚመጣ ነፋስ ያገኛል፤ ከፍ ይላል፤ አብራሪው ኃይል ይቀንሳል። ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች ይጫነዋል። በመጨረሻ ነፋሱ ከኋላ ይሆንና ክንፉን የሚያነሳው ፍጥነት ይጠፋል። ይህ ሁሉ መሬት አጠገብ ነው የሚሆነው።

ይህን የዓለም አቪዬሽን የተማረው በብዙ ሰው ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኒው ዮርክ ላይ አንድ አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ ወደቀ። ጃፓን ተወልደው ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ቴትሱያ ፉጂታ አደጋውን መርምረው እንዲህ ያለ ቁልቁል የሚወረወር ነፋስ አለ አሉ። ብዙ ባለሙያ አላመናቸውም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1985 ዳላስ ላይ የዴልታ በረራ 191 ነጎድጓድ ውስጥ ገብቶ ወደቀ፤ 137 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው አሜሪካ ነፋስ የሚለኩ መሣሪያዎችን በማኮብኮቢያዎች ዙሪያ ያበዛችው፣ ለኤርፖርቶች ብቻ የሚያገለግሉ ራዳሮችን የተከለችው፣ አውሮፕላኖቹም ራሳቸው የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲይዙ ያስገደደችው። እዚያ አገር በማይክሮበርስት የደረሰው የመጨረሻው ትልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን አደጋ እ.ኤ.አ. የ1994ቱ ነው። አያችሁ፣ ነፋሱ አልቀረም። የሚያየው ዓይን ነው የበዛው።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠጋው ምሳሌ ግን ሆንግ ኮንግ ይመስለኛል። ኤርፖርታቸው ከተራራ ሥር ነው። ነፋሱ ተራራውን ተሻግሮ ሲመጣ ይተረማመሳል። እነሱ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጨረር ነፋስ የሚለካ ሊዳር የሚባል መሣሪያ ተከሉ፤ ዝናብ በሌለበት ቀን እንኳ ነፋሱን ያያል። እኔን የገረመኝ ግን መሣሪያው አይደለም። ነፋሱ ያናወጠው አብራሪ ያጋጠመውን ይናገራል፤ ያ ቃል ይመዘገባል፤ ማስጠንቀቂያው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም ተብሎ ይመዘናል፤ ማስጠንቀቂያውም በዚያ ይታረማል። መሣሪያው ውድ ነው። የአብራሪውን ቃል መቀበል ግን ያን ያህል ወጪ የለውም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ልመናዬ ይኸው ነው። አብራሪ ለታወር የሚነግረው የመናወጥ፣ የበረዶ፣ የድንገተኛ ነፋስ ወሬ ሬዲዮው ላይ ተነግሮ አይቅር። ሰዓቱ፣ ከፍታው፣ ቦታው ተጽፎ በዚያው ደቂቃ ለትንበያ ባለሙያው ይድረስ። በወሩ መጨረሻ ደግሞ አብራሪ፣ ተቆጣጣሪ፣ ዲስፓቸር (የበረራውን ዕቅድና ነዳጅ የሚያሰላው ባለሙያ) እና ትንበያ ሠሪ አንድ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጡ። «ያን ማክሰኞ ነጎድጓድ ብላችሁ ነበር፤ የት ሄደ?» ይባባሉ። እኔ አስተማሪ ነኝ። ፈተና ሰጥቶ ወረቀቱን የማይመልስ መምህር ተማሪውን አያሻሽልም።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። የኤርፖርት ትንበያ፣ ታፍ የምትሉት፣ «ቴምፖ» ወይም «ፕሮብ 30» ሲል እንደ እኔ ያለ ሰው እንኳ ይገባዋል። የመጀመሪያው አልፎ አልፎ ለአጭር ጊዜ የሚመጣ ለውጥ፣ ሁለተኛው 30 በመቶ ዕድል አለ ማለት ነው። በክረምት ለረጅም ሰዓታት የተዘረጋ «አልፎ አልፎ ነጎድጓድ» ግን ለሁሉም ከባድ ነው። እውነት ነው፣ የቆላና ደጋ ነጎድጓድን በሰዓቱ መተንበይ የትም አገር ጉም እንደ መዝገን ነው። ሆኖም ጥንቃቄ ሲበዛም ዋጋ አለው። ዲስፓቸሩ ነጎድጓድ ተብሎ ከተጻፈ ለመዞሪያና ወደ ተለዋጭ ኤርፖርት ለመሄጃ ተጨማሪ ነዳጅ ያስጭናል። ነዳጁ ራሱ ክብደት ነው፤ ክብደቱን ለመሸከም ሌላ ነዳጅ ይቃጠላል። በሌላ በኩል ደግሞ ያልተባለ ነጎድጓድ ሲመጣ ስምንት አውሮፕላን ሰማይ ላይ ይዞራል፤ አንዱ ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል፤ ውስጡ ሕፃን የያዘች እናት አለች። የትኛው ስህተት ስንት ጊዜ እንደደረሰ ተቆጥሮ በየዓመቱ ለሕዝብ ይውጣ። ቁጥሩ ጥሩ ባይሆንም ይውጣ። እኛ እንረዳለን። ሐቀኛ ቁጥር ያለው መሥሪያ ቤት በጀት ሲጠይቅም ይደመጣል።

ስለ ክልል ኤርፖርቶች ደግሞ። ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም፣ ጂማ፣ ጋምቤላ... አንዱ ከሌላው ምን ያገናኘዋል? ላሊበላ ገደል ነው፤ ጋምቤላ ሜዳና ሙቀት። ለአንዱ የሚሆን ትንበያ ለሌላው አይሆንም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 6 ቀን 2022 ታንዛኒያ ውስጥ ቡኮባ በምትባል ትንሽ ኤርፖርት አንድ አውሮፕላን በመጥፎ አየር ውስጥ ለማረፍ ሲሞክር ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ወደቀ። ከ43 ሰው 19ኙ ሞቱ። ቀድመው የደረሱላቸው ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ቪዲዮውን አይቼ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዋና ከተማ ላይ ጥሩ መሣሪያ መኖሩ ትንሿ ኤርፖርት ላይ ለሚያርፈው አይበቃውም። እዚያ ያለው ታዛቢ፣ ቴርሞሜትር ለማንበብ ሌሊት ተነስቶ ብርድ ውስጥ የሚወጣው ሰው፣ መሣሪያው ሲበላሽ በቶሎ የሚጠገንለት፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ሌላ መላኪያ ያለው ይሁን። ሥራው አይታይም እንጂ ትልቅ ሥራ ነው።

አሁን ወደ እሳተ ገሞራ አመድ ልምጣ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ባለፉት አሥር ሺህ ዓመታት ስለመፈንዳቱ የታወቀ ማስረጃ ያልነበረው ተራራ ነው። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጣ። አፍዴራ አመድ ለበሰች፤ የግጦሹ መሬት ተሸፈነ። ከዚያ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ፓኪስታንና ህንድ ሄደ። እዚያ በረራዎች ተሰረዙ። ከእኛ አገር መሬት የወጣ አመድ ዴልሂ ላይ መንገደኛ አስቆመ።

የእሳተ ገሞራ አመድ የምድጃ አመድ አይደለም። የተፈጨ ድንጋይና መስታወት ነው። የጄት ሞተር ውስጥ ሲገባ ይቀልጣል፤ ወደ ኋላ ሄዶ የሞተሩ ምላጭ ላይ ይጋገራል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 1982 ኢንዶኔዢያ ላይ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 አራቱም ሞተሮቹ ጠፍተውበት እንደ ወረቀት ሲንሳፈፍ ቆይቶ ነው ሞተሮቹ ተነስተው ጃካርታ ያረፈው። ሌሊት ነበር፤ የአውሮፕላን ራዳር ደግሞ የሚያየው የዝናብ ጠብታን እንጂ ደረቅ አመድን አይደለም። ዛሬ ዓለም ላይ ዘጠኝ የአመድ ማስጠንቀቂያ ማዕከላት አሉ። የእኛን ሰማይ የሚከታተለው ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ ያለው ነው። በሳተላይት ያያሉ፤ በሞዴል ይተነብያሉ፤ ማስጠንቀቂያውን ወደ እናንተ ይልካሉ። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ሲግሜት የሚባለው የአደጋ ማስጠንቀቂያ ይወጣል።

ግን ሳተላይት ደመና ሲኖር ይቸገራል። ተራራው መቼ እንደጀመረና አሁንም እየተፋ እንደሆነ ቀድሞ የሚያውቀው መሬት ላይ ያለው ሰው ነው። አፋር ደግሞ ለዚህ ከማንም በላይ የተዘጋጀ ሕዝብ ነው። ዳጉ አላቸው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሳይነግሩ አይለያዩም፤ ወሬው እውነት ለመሆኑም የተናገረው ሰው ኃላፊ ነው። ይህ ሕዝብ ደውሎ የሚናገርበት አንድ አጭር የስልክ ቁጥር፣ ስልኩን በአፋርኛ የሚያነሳ አንድ ሰው፣ ከዚያም ወደ ትንበያ ክፍሉ የሚሄድ አንድ መስመር ቢኖር ምን ያህል ደቂቃ እናተርፍ ነበር! አመድን በተመለከተ ደቂቃ ትልቅ ነገር ነው።

ይህ ነገር የአንድ ቀን ታሪክ ነው ብለን እንዳንተወው እሰጋለሁ። በሰኔ 2003 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ናብሮ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሂላሪ ክሊንተን በአመዱ ምክንያት የአዲስ አበባ ቆይታቸውን አሳጥረው ሄደዋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እኛም እዚህ ሰሚት አራተኛ ፎቅ ላይ አልጋችን ሲወዛወዝ ነቅተናል። ስምጥ ሸለቆው አልተኛም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኛ ደግሞ ለመጠርጠር ከበቂ በላይ ምክንያት አለን።

ሌላው ስለ ቢሾፍቱ ነው። እዚያ አቅራቢያ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት በመጀመሪያ ምዕራፉ ብቻ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ነው የታሰበው። ሁላችንም የምናወራው ስለ ሕንፃው ነው። እኔ የሚያሳስበኝ ጉሙ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባሪ 3 የኤርፖርት የአየር ጠባይ መረጃ ቢያንስ በአምስት ዓመት ምልከታ ላይ እንዲመሠረት ይመክራል። ለአዲስ ኤርፖርት ደግሞ መረጃ መሰብሰብ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በተቻለ መጠን ቀደም ብሎ እንዲጀመር ይላል። ጉም በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ሐይቅ ወይም ረባዳ ተነስቶ ማኮብኮቢያው ላይ ይተኛል? የጥር ነፋስ ከጎን ምን ያህል ይገፋል? ከተማው ውስጥ ያለ ጣቢያ ለዚያ ሜዳ አይመሰክርም። ሲሚንቶው ከመፍሰሱ ጎን ለጎን በዚያው ቦታ የነፋስ፣ የእይታና የደመና ከፍታ መለኪያዎች ሌት ተቀን ይሥሩ፤ መረጃውም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀር ክፍት ይሁን። ያለፈ የጉም ጠዋት በገንዘብ አይመለስም።

ስለ አውሮፕላኖቹ ራሳቸውም አንድ ቃል። እያንዳንዱ አውሮፕላን ሲነሳና ሲያርፍ ሙቀትና ነፋስ እየለካ ነው የሚሄደው። የሚቲዎሮሎጂ ፊኛ የሚለቀቀው በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ ቦሌ ላይ ግን አውሮፕላን ሌሊትም ቀንም ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት አውሮፕላኖች ሲቆሙ የዓለም ትንበያ ማዕከላት መረጃ ጎደለብን ብለው የጮኹት ለዚህ ነው። የአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ የእኛ ነው። የአፍሪካን ሰማይ በዚህ ስፋት የሚያቋርጥ ሌላ የለም። ያ ሁሉ ልኬት ለትንበያ እንዲውል ሦስታችሁም፣ እናንተ ሁለታችሁና አየር መንገዱ፣ አንድ ላይ ብትሠሩበት ጥቅሙ ለአህጉሩ ሁሉ ነው።

አገራችን ይህን ማድረግ እንደማይከብዳት አምናለሁ። የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎታችን በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ከመሆኑ በፊት የቆየው ሲቪል አቪዬሽን ሥር ነበር። አንድ ቤት ነበራችሁ። የአብራሪው ወሬና የትንበያው ወረቀት ያኔ በአንድ ኮሪደር ነበር የሚገናኙት። ዛሬ ሕንፃው ቢለያይም ኮሪደሩን መልሶ መክፈት ይቻላል።

እኛስ ምን እናድርግ? በኬንያና በጋና ታህሞ የሚባለው ፕሮጀክት አነስተኛ የአየር ጣቢያዎችን በትምህርት ቤቶች ግቢ ይተክላል። ተማሪው ይጠብቀዋል፤ ይማርበታልም። እኛም እንችላለን። ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩ አንድ አንድ ትምህርት ቤት ብትመርጡ ቦሌን የከበቡት ተራሮች ሁሉ ዓይን ይኖራቸዋል። የእኔ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ዛፍና ሕንፃ የማይከልለው ባዶ ቦታ አለ። ርእሰ መምህሩን አነጋግሬያለሁ፤ ደስ ይለኛል ብለዋል። አጥሩን ተማሪዎቼና እኔ እንሠራለን። ዝናብ መለኪያውን በየጠዋቱ 3 ሰዓት የሚያነቡ አሥራ ሁለት ልጆች ስማቸውን ጽፈው ሰጥተውኛል።

ደብተሬንም ላመጣላችሁ ፈቃደኛ ነኝ። ስድስት ክረምት ነው። የእጅ ጽሑፌ አይከብድም፤ የበረዶዎቹን ቀኖች በቀይ አስምሬባቸዋለሁ። መቼና የት ቢሮ ልምጣ?

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር
ሰሚት፣ አዲስ አበባ